አምባር ከማሠራታችሁ በፊት፦ የአንጓና የመዳፍ ልክ እንዴት ይወሰዳል?

ጎንደር ውስጥ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነው። ጥምቀትም እዚያው መሐል ይውላል። ፒያሳ ያሉት ወርቅ ቤቶች ሰው የሚበዛባቸው፣ ብር ሠሪውም እጁ የማያርፈው ያኔ ነው። ባለሙያው «ልኳ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛው ሰው የሚመልሰው «ቀጭን ናት»፣ «መካከለኛ ናት»፣ «እንደ እኔ ናት» እያለ ነው። በዚህ ቃል የተሠራ አምባር ወይ እጅ አልገባ ይላል፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ከክንድ እስከ መዳፍ ሲንሸራተት ይውላል። ወርቅ በግራም እየተመዘነ በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ የስህተቱ ዋጋ በቀጥታ ከኪሳችሁ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚፈጀውም ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ እጅ ሁለት ልክ አለው። አንደኛው የአንጓ ዙሪያ ነው፣ አምባሩ የሚያርፍበት። ሁለተኛው የመዳፍ ዙሪያ ነው፣ አምባሩ የሚያልፍበት። የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ የሚወስነው የአምባሩ ዓይነት ነው።

መቆለፊያ ያለው ብራስሌት ወይም የእጅ ሰንሰለት ከሆነ የአንጓው ልክ ይበቃል። መክፈቻ የሌለው ክብ አምባር ከሆነ ወሳኙ መዳፍ ነው፤ አንጓችሁ የቱንም ያህል ቀጭን ቢሆን መዳፋችሁን ካላለፈ አይገባም። አፉ ክፍት የሆነው አምባር በጎን ስለሚገባ የሚሠራው በአንጓ ልክ ነው፣ የራሱ ስሌት ግን አለው። የምትፈልጉትን ገና ካልወሰናችሁ ሁለቱንም ለክታችሁ መዝግቡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ለስላሳ ሜትር ካለ ከሁሉም እሱ ይሻላል። ብዙ የተሠራበት አሮጌ ሜትር ግን ይለጠጣልና በማስመሪያ አስተያዩት፤ የሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከማስመሪያው 10 ጋር እኩል መሆን አለበት። ሜትር ከሌለ ወረቀት በጣት ስፋት በረጅሙ ቁረጡ። የኮምፒውተር ማተሚያ ወረቀት ርዝመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለመዳፍም ይተርፋል። እስክሪብቶና የተማሪ ማስመሪያም አዘጋጁ።

ክር ብዙ ሰው ይቀናዋል፤ እኔ ግን አልመክርም። የጥጥ ፈትል ሲጎትቱት ይረዝማል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት መልሶ ይሰበሰባል። በዚህ መሐል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። ላስቲክነት ያለው ነገርማ ጨርሶ አይነሳ። ከክር ሌላ ምንም ካጣችሁ የማይለጠጥ ጠንካራ ሲባጎ ይሁን።

ማስመሪያ ስትጠቀሙ ዜሮው የት እንደሆነ አይታችሁ ጀምሩ። በብዙዎቹ ማስመሪያዎች ዜሮው ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው ያለው። ከጫፉ የጀመረ ሰው ልኩን ያሳንሳል፤ አምባሩም ጠባብ ሆኖ ይመጣል።

የአንጓ ልክ

ልኩ የሚወሰደው አምባሩ በሚደረግበት እጅ ላይ ነው። የምንሠራበት እጅ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ትንሽ ይወፍራል፤ ስለዚህ የግራውን ለክቶ ለቀኝ ማሠራት ያሳስታል።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። እጅ በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይሟሽሻል። የጎንደር ማለዳ ብርዳም ነው፤ በተለይ በጥር። የጥምቀት ለሊት ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ደጅ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ቀለበቱ ሲላላበት የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው። ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ያረፈደች ሴት እጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሰዓት በኋላ፣ አረፍ ብላችሁ፣ እጃችሁ ሳይቀዘቅዝም ሳይሞቅም ብትለኩ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ። አምባሩ የሚላከው መተማን ለመሰለ ቆላ ከሆነ ከታች ከምጠቅሰው ነፃ ቦታ ሰፋ ያለውን ምረጡ።

አሁን ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ። ጣቶቻችሁን ዘና አድርጉ እንጂ አትጨብጡ፤ ሲጨበጥ ጅማቱ ይነሳና የአንጓው ዙሪያ ይለወጣል። በትንሿ ጣት በኩል አንጓው ላይ ጎላ ያለች አጥንት አለች። አምባር የሚውለው በእሷ ዙሪያ ነው፣ አንዴ ከፊቷ፣ አንዴ ከኋላዋ። ሜትሩን ወይም ወረቀቱን በአጥንቷ ላይ አዙሩ፣ ቀጥሎም ከእሷ ወደ መዳፍ ዝቅ ብላችሁ አዙሩ፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዙ።

ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። ቆዳው ከተጨማደደ ወይም ሜትሩ ሲነሳ ምልክት ትቶ ከሄደ አጥብቃችኋል። በወረቀት ከሆነ ጫፉ የሚደራረብበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ በማስመሪያው አንብቡ። በአንድ እጅ ለራስ መለካት ስለሚያስቸግር ሰው ቢይዝላችሁ ይመረጣል። ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱ ከተቀራረቡ መካከለኛውን ውሰዱ፤ በመካከላቸው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ሜትሩ ጠሞ ዞሯል ማለት ነውና እንደገና ጀምሩ።

ያገኛችሁት ቁጥር የአንጓው ልክ እንጂ የአምባሩ ልክ አይደለም። አንጓው 16 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሰንሰለቱም 16 ቢሠራ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ያልባል፣ ያሳክካል። ነፃ ቦታ ይጨመርበታል። ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ ለምትፈልጉት ቀጭን ሰንሰለት 1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው ከ1.5 እስከ 2 ነው። ወረድ ብሎ እንዲወዛወዝ ከተፈለገ 2.5 ይጨመራል። ስለዚህ አንጓው 16 የሆነ ሰው 17.5 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ቢያሠራ ይስማማዋል። የሰንሰለት ርዝመት ደግሞ ከመቆለፊያው ጋር ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ለሠሪው ንገሩት። መጠኑ ልክ መሆኑን በጣት ማወቅ ይቻላል፦ ከታሰረ በኋላ አንድ ጣት በቀላሉ ከሥሩ ከገባ ደህና ነው። ሁለት ጣት ከገባ ሰፍቷል።

«ለማንኛውም ሰፋ ይበል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሲሰፋ ግን ግራሙም ይጨምራል። 18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 20 ግራም የሚመዝን ሰንሰለት 19 ቢሆን ከ1 ግራም በላይ ይጨምራል። የወርቁን የዕለት ዋጋ በዚያ አባዙትና እዩት።

ዶቃ ከሆነ

የዶቃ አምባር ስሌቱ ለየት ይላል። ዶቃው ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ ቦታ ይወስዳል፤ ተዘርግቶ 18 የነበረው ሲታሰር ውስጡ ከ18 በጣም ያንሳል። የጠፋውን ለማግኘት የዶቃውን ውፍረት በ3.14 አባዙ። ዶቃው 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 3.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንጓው 16 ለሆነ ሰው የባለ 8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ድርድር ተዘርግቶ ቢያንስ 18.5፣ ለምቾት ደግሞ 19 መሆን አለበት። ላስቲክ ላይ የተሰካ ከሆነ ጥቂት ስለሚለጠጥ 18.5 ይበቃዋል።

የመዳፍ ልክ፣ ለክብ አምባር

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው፤ ክብ አምባር አንዴ ከተሠራ በኋላ ማስፋትም ማጥበብም ከባድ ስለሆነ።

አውራ ጣታችሁን ወደ መዳፋችሁ አጥፉና ጫፏን የትንሿ ጣት ሥር ዘንድ አስጠጉ፣ ጠባብ እጅጌ ውስጥ እጅ ሲገባ እንደሚደረገው። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ግጠሙ። ከዚያ ሜትሩን በመዳፉ ሰፊ ቦታ ላይ አዙሩ፤ ይህም ጣቶች ከመዳፍ በሚነሱበት አጥንት ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚሰፋው ወረድ ብሎ የአውራ ጣቱ ሥር ዘንድ ነው፣ በተለይ በእጁ ከባድ ሥራ የሠራ ሰው። ሁለቱንም ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። አንጓ ላይ ካደረጋችሁት ትንሽ ጠበቅ አድርጉ፤ አምባር ሲገባ መዳፍ ይታመቃልና።

ለእናት ወይም ለአያት የሚለካ ሰው እጅ ጎትቶ እንዳያሳምም። «እናቴ፣ አውራ ጣትዎን ወደ ውስጥ አጠፍ ያድርጉልኝ፤ ካመመዎት ንገሩኝ» ብሎ በቀስታ መያዝ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው እናቶች አውራ ጣታቸው እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። ለእነሱ በሚታጠፈው ልክ ይለካ፤ ወይም ደግሞ መክፈቻ ያለው አምባር ይመረጥላቸው። በየቀኑ እያመማቸው የሚያስገቡትን ጌጥ መስጠት አይገባም።

ያገኛችሁትን ቁጥር ለ3.14 አካፍሉት፤ የሚወጣው የአምባሩ የውስጥ ስፋት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር በመሐል ሲለካ ማለት ነው። መዳፉ 19.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 19.5 ለ3.14 ሲካፈል 6.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

አሁን ገንዘብ ሳታወጡ ፈትኑት። ወረቀቱን በመዳፉ ዙሪያ ልክ ምልክት አድርጋችሁ ክብ ሠርታችሁ በፕላስተር አጣብቁት። አጣጥፋችሁ ደርባችሁ ጠንከር ብታደርጉት ይመረጣል። ከዚያ እንደ አምባር በእጃችሁ አስገቡት። መጠነኛ ትግል አድርጎ ሳይቀደድ ካለፈ ልኩ ትክክል ነው። ከተቀደደ 3 ሚሊ ሜትር እየጨመራችሁ ደጋግሙት። ሳይነካችሁ ካለፈ ደግሞ እጃችሁን ዝቅ ስታደርጉ አምባሩ ወልቆ ሊወድቅ ይችላል፤ ቀንሱት። ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው ይህን የወረቀት ቀለበት ነው፤ ሙሽራዋም ራሷ አድርጋ ስለምታየው ክርክር አይኖርም።

የአምባሩ የጎን ስፋት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ የዙሪያውን ልክ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ሰፊ አምባር አጥንቱን ሲያልፍ እንደ ቀጭኑ ዘንበል ማለት አይችልም።

ከውጭ የመጡት ክብ አምባሮች ላይ ያለው ቁጥር

በህንድ አሠራር የተሠሩ አምባሮች 2.4፣ 2.6፣ 2.8 የሚል ልክ አላቸው። ይህ በነጥብ የሚነበብ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያው ኢንች ሲሆን ሁለተኛው የኢንች 16ኛ ክፍል ነው፤ 2.4 ማለት 2 ኢንች ከ4/16 ነው። በሚሊ ሜትር ሲቀየር የውስጥ ስፋቱ 2.2 ወደ 54፣ 2.4 ወደ 57፣ 2.6 ወደ 60፣ 2.8 63.5፣ 2.10 ደግሞ ወደ 67 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ከእነዚህ ትልቁ 2.10 ነው፤ ከ2.2 ያነሰ መስሏቸው የሚያዙ ሰዎች አሉና ተጠንቀቁ። ከላይ በምሳሌው 6.2 ሴንቲ ሜትር ያገኘው ሰው 60 ጠቦት 63.5 ይሆነዋል፤ 2.8 ይውሰድ። በሁለት ቁጥር መሐል ከወደቃችሁ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ሂዱ።

አፉ ክፍት አምባር

ይህ ዓይነቱ በአንጓው ጎን፣ ቀጭን በሆነው በኩል ገብቶ ይዞራል። ክፍተቱ ለአዋቂ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ የአንጓው ልክ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ክፍተቱን ቀንሱ። 16 ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 3፣ 14 ሴንቲ ሜትር። የብረቱ የውስጥ ርዝመት ያ ነው። አንጓ ክብ ሳይሆን ሞላላ ስለሆነ አምባሩም ሞላላ ሆኖ ቢታጠፍ በደንብ ይቀመጣል።

«ክፍት ስለሆነ ልክ አያስፈልገውም፣ እያጠበቁ ማድረግ ነው» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አትቀበሉት። ብር በተደጋጋሚ በታጠፈ ቁጥር እየደነደነ ሄዶ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ባለሙያው በእሳት አሙቆ መልሶ ሊያለሰልሰው ይችላል፤ በየቀኑ በእጅ እየከፈቱና እየዘጉ መልበስ ግን መስበር ነው።

ለሠሪው ምን ይነገረዋል?

አንድ ቃል አትርሱ፦ «የውስጥ ልክ»። ብረቱ ውፍረት አለው። የውስጥ ስፋቱ 6.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ አምባር ከ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሠራ ሽቦው መቆረጥ ያለበት 6.2 እና 0.3 ተደምሮ በ3.14 ሲባዛ፣ ማለትም 20.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። «19.5 ነው» ብላችሁ ዝም ካላችሁና እሱም ሽቦውን 19.5 ላይ ከቆረጠው አምባሩ መዳፋችሁን አያልፍም።

ጎንደር የእጅ ጥበብ ሥር የሰደደባት ከተማ ናት። በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች ስሟ ይነሳል። ባለሙያ እጁ የሚያውቀው ብዙ ነገር ቢኖርም ያላየውን እጅ ልክ ግን ሊያውቅ አይችልም። ቁጥር ሳይሰጡት ቀርተው «አበላሸብኝ» ማለት እሱን መበደል ነው።

ልኩን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። እህታችሁ እስራኤል ወይም አሜሪካ ሆና ከጎንደር የምታሠራ ከሆነ በቴሌግራም ፎቶ ከመላክ ይልቅ እንዲህ ብላ ትጻፍላችሁ፦ «ቀኝ እጅ፤ አንጓ 16፣ መዳፍ 19.5 ሴንቲ ሜትር፤ ምንም አልጨመርኩበትም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። እሷ 2 ጨምራ፣ እናንተ 2 ጨምራችሁ፣ ሠሪውም ለጥንቃቄ 1 ቢጨምር 21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰንሰለት ይወጣል። አሜሪካ ያሉት በኢንች ስለሚለኩ «7» ብለው ከጻፉ በ2.54 እያባዛችሁ ቀይሩት፤ 7 ኢንች ወደ 17.8 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሙሽራዋ ሳታውቅ ማሠራት ከፈለጋችሁ የምታደርገውን አምባር እህቷ ወይም እናቷ ለአንድ ቀን ያውጡላችሁ። ክብ ከሆነ በማስመሪያ ከውስጥ ዳር እስከ ውስጥ ዳር በሁለት አቅጣጫ ለኩት፤ ሁለቱ ከተለያዩ ጠማማ ነውና ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ሰንሰለት ከሆነ ዘርግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት፤ ይህ ነፃ ቦታው የተጨመረበት ስለሆነ ሌላ አትጨምሩበት። የሰዓቷ ማሰሪያም የምትጠቀምበት ቀዳዳ ላይ ተቆልፎ ከውስጥ በወረቀት ቢለካ ይረዳል። የቀለበት ቁጥር ግን ስለ አንጓ ምንም አይናገርም።

ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ እጅ ስለሚያብጥ የተወሰደው ልክ ከወሊድ በኋላ ይሰፋባታል። ማራዘሚያ ቀለበቶች ያሉት ሰንሰለት ምረጡላት። ለክርስትና፣ ለወንድ በ40 ለሴት በ80 ቀን፣ ለሕፃን የሚሰጠውም ማራዘሚያ ያለው ይሁን፤ የሕፃን እጅ በየወሩ ይለወጣል። ዶቃ ያለበትን አታድርጉለት፤ ተበጥሶ አፉ ሊገባ ይችላል። ሲተኛም ይውለቅለት።

የቆየ የብር አምባር

ብዙ ቤት ከአያት የወረደ የብር አምባር አለ። የድሮ ብር ሠሪዎች ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብ እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁም ንጹሕ ብር ነው። እንዲህ ያለውን አምባር ለልጅ ልጅ እጅ ማስተካከል ሲፈለግ መጀመሪያ ልኩን ከላይ በተባለው መንገድ ከውስጥ ለኩ፣ ከዚያ የባለቤቷን መዳፍ ለኩ። ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከሆነና አምባሩ ወፈር ያለ ከሆነ ባለሙያው አሙቆ በሾጣጣ ብረት ላይ እየቀጠቀጠ ሊያሰፋው ይችላል። ከዚያ ከበለጠ ይቆረጥና ብር ገብቶበት ይበየዳል። ጌጠኛ ሥራ ወይም ድንጋይ ያለበትን ግን ባታስነኩት ይሻላል፤ ቅርጹ ይጠፋል።

ከመስጠታችሁ በፊት ፊታችሁ ላይ ይመዘን፣ ግራሙ ይጻፍ፤ ስትቀበሉም እንደገና ይመዘን። አዲስም ሆነ የታደሰ፣ ከወርቅ ቤቱ ሳትወጡ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ክንዳችሁን ወደ ታች አራግፉ፤ ክቡ አምባር ወደ ጣቶቻችሁ ሲወርድ መዳፉ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። የሰንሰለቱን መቆለፊያ ደግሞ በሌላኛው እጅ ብቻ ከፍታችሁ መዝጋት መቻላችሁን እዩ፤ ካስቸገረ እዚያው ይቀየርላችሁ።